ቲማቲሙ ረክሷል፣ ክረምቱም እየመጣ ነው

የጓዳ ጥያቄዎቻችሁ እና መልሶቻቸው

ሰላም ናችሁ ወይ የኔ ቤተሰቦች። ሰሞኑን የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሳገላብጥ ሁሉም ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ነው የሚገናኘው፣ ከሰኔ በፊት ጓዳ መሙላት። ልክ ናችሁ አቦ፣ ሰዓቱ አሁን ነው። የድሬ ቀፊራ ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ቲማቲሙ በሳጥን ተደርድሮ ሻጮቹ ራሳቸው ውሰዱልን እያሉ ነው፣ ማንጎው በጋሪ ነው የሚዞረው፣ ሐምሌና ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ቲማቲም ተለማምጠን ነው የምንገዛው፣ ለፍልሰታ ወጥ ሁሉም ሰው የሚፈልገው በአንዴ ነዋ። ስለዚህ የዚህን ወር ዓምድ ሙሉውን ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። ጥያቄዎቹን ትንሽ አሳጥሬያቸዋለሁ፣ ስማችሁንም ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ነው የጻፍኩት።

ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

እትዬ እንደምን ኖት? ሁለት ሳጥን ቲማቲም ገዝቼ ሳልሳ ሠራሁና በማር ጠርሙስ ሞልቼ ዘጋሁት፣ ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት ትኩሱን ገልብጬም አቆምኩት። በሦስተኛው ሳምንት የግማሾቹ ክዳን አበጠ፣ አንዱን ስከፍተው ፍሽሽ አለ፣ ሽታው ግን ምንም አይልም። ድጋሚ አፍልቼ ልጠቀምበት ወይስ ልጣለው? ልቤ አልቻለም።

መልስ

የኔ እህት ጣይው። ልብሽ እንዳልቻለ ይገባኛል፣ ሁለት ሳጥን ልጦ ፈጭቶ እሳት ዳር ቆሞ ማማሰል በድሬ ሙቀት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ እኔም በወጣትነቴ ዘጠኝ ጠርሙስ በአንድ ቀን ጥያለሁ፣ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። ግን ክዳን አበጠ ማለት ውስጡ ሕይወት ያለው ነገር እየተራባ ጋዝ እያወጣ ነው ማለት ነው። በምላስሽ ጫፍ እንኳን እንዳትቀምሺው። ሽታው ደህና መሆኑ ምንም አይነግርሽም፣ ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው መርዝ፣ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው፣ ሽታም ጣዕምም የለውም። በሽታው ሲጀምር ዓይን ሁለት ሁለት ማየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ ምላስ መተሳሰር፣ መዋጥ ማቃት ነው፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር ያየ ሰው ነገ አይበል፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ጠርሙሶቹን እንደተዘጉ በፌስታል ደራርበሽ ቋጥረሽ ነው የምትጥያቸው፣ ሜዳ ላይ እንዳትደፊው፣ የሰፈራችን ፍየሎች ያገኙትን ሁሉ እንደሚልሱ ታውቂያለሽ።

አሁን ምን እንደተበላሸ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ሥራውን እንድትተዪው አልፈልግም። የዚህ መርዝ ባለቤት ባክቴሪያ ነው፣ ዘሩ አፈር ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ስለዚህ ከአትክልት ጋር ወደ ቤት ይገባል። ዘሩን ውሃ ማፍላት አይገድለውም። አየር ባለበትና ኮምጣጣ በሆነ ነገር ውስጥ ግን አያድግም፣ ተኝቶ ነው የሚቀረው። ጠርሙስ ስንዘጋ አየሩን እኛው ወሰድንለት፣ የቀረን መከላከያ ኮምጣጣነቱ ብቻ ነው። ባለሙያዎቹ ኮምጣጣነትን የሚለኩት ፒኤች በሚባል ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ነው የሚኮመጥጠው፣ ድንበሩን 4.6 ይሉታል፣ ከዛ በታች ከሆነ አይነሳም። ቲማቲም ደግሞ እዛው ድንበሩ ላይ ነው ያለው፣ አንዱ ከታች ሌላው ትንሽ ከላይ፣ በዓይን አይለይም። ለዚህ ነው ሳልሳ በጠርሙስ ሲታሸግ ሎሚ የግድ የሚሆነው። በግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ እሱም ፋብሪካ ታሽጎ የሚሸጠው የሎሚ ጭማቂ ቢሆን ይመረጣል፣ የዛፉ ሎሚ አንዱ ኃይለኛ አንዱ ለስላሳ ነው፣ የታሸገው ግን ልኩ አንድ ነው። ሲትሪክ አሲድ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ካገኘሽ ደግሞ ለግማሽ ሊትር ሩብ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ጣዕሙ ከኮመጠጠብሽ ወጡ ላይ ትንሽ ስኳር ጣል አርጊበት እንጂ ሎሚውን አትቀንሺ። ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቃሪያውንና ዘይቱን ጠርሙሱ ውስጥ አትጨምሪ፣ ሽንኩርቶቹና ቃሪያው ኮምጣጣነቱን ያወርዱታል፣ ቁሌቱን ወጥ ስትሠሪ ትሠሪዋለሽ።

ገልብጦ ማቆም የሚባለውን ነገር እርሺው። ክዳኑን ለጥፎ የተዘጋ ያስመስለዋል እንጂ ውስጡን አያጸዳም። ትክክለኛው እንዲህ ነው፣ ትኩሱን ሳልሳ ትኩስ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምሪና ከላይ የአንድ ጣት ወርድ ክፍት ትተዪለታለሽ፣ አፉን በንጹህ ጨርቅ ጥርግ፣ ክዳኑን በልኩ ጠበቅ፣ ከዛ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ጨርቅ አንጥፈሽ ጠርሙሶቹን ታቆሚያለሽ፣ ውሃው ክዳናቸውን ሁለት ጣት ያህል አልፎ ይሸፍናቸው። ሰዓት የሚቆጠረው ውሃው መንፈቅፈቅ ሲጀምር ነው፣ ድስቱ ሲጣድ አይደለም።

ስንት ደቂቃ? እዚህ ጋ ነው የውጭ አሠራር እኛን የሚያሳስተው። ውሃ 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ውሃችን 96 ላይ ይፈላል። ደንገጎን ወጥታችሁ ሐረር ስትደርሱ ወደ 1,900 ሜትር ነው፣ እዛ 94 ነው። ሲፈላ ያው ይመስላል፣ ግን የሐረር ፈላ እና የጅቡቲ ፈላ አንድ አይደለም። ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ 35 ደቂቃ የሚበቃው የግማሽ ሊትር ቲማቲም ድሬ 45፣ ሐረር 50 ደቂቃ ይፈልጋል። አውጥተሽ ጨርቅ ላይ ታስቀምጫቸዋለሽ፣ አትነካኪያቸው። ሲበርዱ ክዳኖቹ አንድ በአንድ ወደ ውስጥ እየገቡ ጧ ይላሉ፣ ከጎረቤት ክፍል ይሰማል፣ እኔ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ እቆጥራቸዋለሁ፣ ስምንት ጠርሙስ ከሆነ ስምንት ጊዜ እስክሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም። በነጋታው መሃሉን በጣትሽ ስትጫኚው ቁጭ ብሎ ከቀረ ታሽጓል፣ ወደ ላይ የሚነጥር ከሆነ ፍሪጅ ገብቶ በቀናት ውስጥ ይበላ።

የማር ጠርሙሱ ነገር፣ ጠርሙሱ ይታጠባል፣ ክዳኑ ግን አንዴ ካሸገ በኋላ ጎማው ይደክማል፣ ሁለተኛ ሲጠቀሙበት አያስተማምንም። አዲስ ክዳን ካላገኘሽ ሳልሳሽን በትንንሽ ፌስታል አድርገሽ ፍሪዘር ክተቺው፣ ምንም ነውር የለውም። የምታስቀምጪበት ቦታም አለ፣ የታሸገ ጠርሙስ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ መዋል የለበትም፣ የኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ቆርቆሮ ሥር ያለ መደርደሪያ ላይ አይሆንም፣ አልጋ ሥር ወይ ፀሐይ በማትነካው የግንብ ጥግ ይሁን።

ከጀጎል፣ ሐረር

እትዬ፣ ከግቢያችን ዘይቱን ማርማላታ ልሠራ ብዬ ቴርሞሜትር ሁሉ ገዛሁ። አሠራሩ 104 ዲግሪ ሲደርስ አውርዱት ይላል። ብጠብቅ ብጠብቅ አልደርስ አለኝ፣ ሲደርስ ደግሞ ጠቁሮ፣ ሲበርድ እንደ ከረሜላ ሆኖ ማንኪያ አልገባው አለ። ዘይቱኑ ነው ስኳሩ ነው ችግሩ?

መልስ

ልጄ ሁለቱም አይደሉም፣ ከፍታው ነው። ለሳቢያኗ እህትሽ የነገርኳት ነገር ነው ባንቺም የመጣው። 104 የተባለው ለባሕር ዳርቻ ነው፣ ትርጉሙ ውሃ ከሚፈላበት 4 ዲግሪ ከፍ ሲል ማለት ነው። ሐረር ላይ ውሃ 94 ላይ ከፈላ ማርማላታሽ 98 ላይ ደርሷል ማለት ነው። አንቺ 6 ዲግሪ ሙሉ አልፈሽ አበሰልሽው፣ በዛ ሰዓት ውሃው አልቆ የቀረው ስኳር ብቻ ነው። ሁልጊዜ ከመጀመርሽ በፊት ቴርሞሜትሩን የፈላ ውሃ ውስጥ ክተቺና ያሳየሽ ቁጥር ላይ 4 ደምሪ፣ የራስሽ ልክ እሱ ነው፣ ቴርሞሜትሩ ትንሽ የሚዋሽ ቢሆን እንኳን ያስተካክልልሻል።

እናቶቻችን ግን ያለ ቴርሞሜትር ነው የሚሠሩት፣ ይሄንን ዘዴ ልመዱት። ሁለት ሶስት ትንንሽ ሰሃን ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጫለሽ። ደረሰ ሲመስልሽ ድስቱን ከእሳት ታወርጃለሽ (ሳታወርጂ ስትሞክሪ እዛው እየበሰለ ያልፍብሻል)፣ ቀዝቃዛው ሰሃን ላይ ጠብታ ጣል አርገሽ አንድ ደቂቃ ትጠብቂና በጣትሽ ገፋ ታደርጊዋለሽ። ፊቱ እንደ ወተት ስልባቦት ከተጨማደደ በቃ፣ እንደ ውሃ ወደ ጣትሽ ከተመለሰ ትንሽ ይቅረው።

ዘይቱን ለማርማላታ የተፈጠረ ፍሬ ነው እላለሁ እኔ፣ ራሱ በራሱ የሚያጣብቅ ነገር አለው፣ ፔክቲን የሚባለው። በደንብ ከበሰለው ሶስት እጅ፣ ገና ቆንጠጥ ከሚለው አንድ እጅ ብታደርጊ በጣም ጥሩ ይይዛል፣ ያልበሰለው ውስጥ ፔክቲኑ ይበዛል። ማንጎ ላይ ግን ሎሚ ያስፈልጋል፣ ትንሽ ጥሬ ማንጎ ብትቀላቅዪበት ደግሞ ጣዕሙ ሌላ ነው። ስኳሩን በዘፈቀደ ግማሽ አትቀንሺ፣ ስኳሩ ለጣዕም ብቻ አይደለም የገባው፣ ውሃውን ይዞ ለሻጋታ እንዳይተርፍ የሚያደርገው እሱ ነው። ስኳር የቀነስሽበት ፍሪጅ ይግባ። ጠርሙስ ሞልተሽ ከዘጋሽ በኋላ ውሃ ውስጥ ማፍላቱ ሐረር ላይ 15 ደቂቃ ነው፣ ድሬ ላሉት 10። ሻጋታ ካበቀለ ከላይ ጭልፎ መብላት የለም፣ ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል።

የጠቆረውን ደግሞ አትጣይው፣ ካልመረረ ትንሽ ውሃ ጨምረሽ ለዘብ ባለ እሳት አቅልጪውና ሻይ ላይ እንደ ስኳር ተጠቀሚበት።

ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ

ወንደላጤ ነኝ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ፈጭቼ ዘይት አልብሼ ለወር የሚሆነኝን በጠርሙስ አስቀምጣለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ግን ፍሪጁ ይሞቃል። ችግር አለው?

መልስ

አለው ወንድሜ፣ አሁኑኑ ተው። ዘይት ማልበስ ማለት አየር መከልከል ነው፣ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከአፈር የወጣና ኮምጣጣ ያልሆነ ነገር ነው፣ ከላይ ያልኩት ባክቴሪያ ከዚህ የተሻለ ቤት አያገኝም። ዘይት ውስጥ ያለ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ፍሪጅ ውስጥ ከ4 ቀን አይለፍ፣ ውጪ ጨርሶ አይደር። ለወር ከፈለግህ የበረዶ ማስቀመጫው ላይ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ማንኪያ ሞልተህ ፍሪዘር ክተት፣ ሲደርቅ አውጥተህ ፌስታል ውስጥ አጠራቅመው፣ ወጥ ስትሠራ አንዷን ፍሬ ብድግ አርገህ ድስት ውስጥ ነው፣ ከጠርሙሱ የበለጠ ይቀላል ወላሂ።

መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈት፣ ካልተከፈተ ምግቡ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ፍሪዘር ጢም ብሎ ከሞላ ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን። ባዶ ቦታውን በሃይላንድ ውሃ ሙላው፣ በረዶ ሆኖ ቅዝቃዜውን ይጠብቅልሃል።

ከሸዋ በር፣ ሐረር

እህቴ፣ ከገበያ የገዛሁት ዛላ በርበሬ ውስጡ ግራጫ ሻጋታ ይዟል፣ ጎረቤቶቼ ፀሐይ ላይ አስጥተሽ ቁይውና አስፈጪው፣ እሳት ሁሉን ያጸዳል አሉኝ። የባቢሌ ኦቾሎኒም አለኝ፣ አንዳንዱ ተጨማድዷል። ምን ትያለሽ?

መልስ

እሳት ይሄንን አያጸዳም እህቴ። በርበሬና ኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይተፋል፣ ሻጋታው ቢደርቅ ቢቆላ ቢፈጭ መርዙ እዛው ነው፣ የሚጎዳው ደግሞ ጉበትን ነው፣ ቀስ ብሎ፣ ዓመታት ፈጅቶ፣ እስከ ጉበት ካንሰር ድረስ። ስለዚህ የሻገተውን ዛላ ለይተሽ ጣይ። ዛላውን ከላይ አይተሽ አትመኚ፣ ከየኩንታሉ ትንሽ ትንሽ ሰንጥቀሽ ውስጡን እዪ፣ ሻጋታው የሚጀምረው ከዘሩ አጠገብ ነው። ኦቾሎኒውንም የተጨማደደውን፣ ቀለሙ የተለወጠውን፣ ሲቀምሱት የሚመረውን ለቅመሽ አውጪ፣ ለከብትም ለዶሮም አይሁን፣ እነሱንም ይጎዳቸዋል፣ ላሟ ደግሞ በወተቷ ትመልስልሻለች።

የባቢሌ ኦቾሎኒ እኔ የማልደራደርበት ነገር ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ከቡና ጋር ካልቀረበ ቡናው ቡና አይመስለኝም፣ ስለዚህ የምለው እንድትተዪው አይደለም፣ ደረቁን እንድትገዢ ነው። ከነልጡ ያለው ሲወዘወዝ ውስጡ ኳ ኳ ማለት አለበት። በርበሬውም እንደዛው፣ ዛላው ሲነቀነቅ ዘሩ ይንሻሻል፣ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ሰሌን ወይ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ላይ ይሰጣ፣ ጀንበር ስትጠልቅ ይነሳ፣ የሌሊት ጤዛ የቀኑን ሥራ ያበላሸዋል። የሐረር ሰማይ ደመናማ ሲሆንብሽ፣ ድሬ ዘመድ ካለሽ ዛላሽን ላኪላት፣ የኛ ፀሐይ በሁለት ሦስት ቀን ቀጭ ታደርገዋለች፣ የኛዎቹ ይሄን ሲያደርጉ ነው ያደጉት። የተፈጨው በርበሬ ከወፍጮ እንደመጣ ትኩሱን አትክደኚ፣ ይብረድ፣ ካልበረደ ክዳኑ ሥር ያልበዋል። ሲሚንቶ ወለል ላይም በቀጥታ አይቀመጥ፣ ከሥሩ እንጨት አድርጊለት።

ከታይዋን ገበያ አካባቢ፣ ድሬዳዋ

ፎሶሊያና ጎመን እንደ ቲማቲሙ በጠርሙስ ማሸግ ይቻላል ወይ? ፕሬዠር አለኝ።

መልስ

አይቻልም። ፎሶሊያ፣ ጎመን፣ ካሮት፣ ባቄላ፣ ሥጋ ኮምጣጣ አይደሉም፣ የባክቴሪያውን ዘር ለመግደል ከ116 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል፣ ለዛ ሥራ ተብሎ የተሠራ ግፊት መለኪያ ያለው ትልቅ ማሽን አለ፣ የቤታችን ፕሬዠር ግን ለወጥ ነው የተሠራው፣ ለዚህ አልተሞከረም። ፍሪዘር ላይ ግን ቆንጆ ይሆናሉ። ፎሶሊያውን ከታትፈሽ የሚፈላ ውሃ ውስጥ 3 ደቂቃ፣ ከዛ ወዲያው በረዶ ውሃ፣ ከዛ አንጠፍጥፈሽ ፍሪዘር። ሐረር ያላችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩበት። ቃሪያና ካሮት በጠርሙስ ካማረሽ በአቼቶ አድርጊው፣ አቼቶው 5 ፐርሰንት የሚል የተጻፈበት ይሁን፣ ውሃው ከአቼቶው አይብለጥ፣ ፍሪጅ አስቀምጠሽ ብዪው።

ከአራተኛ፣ ሐረር (አባት ናቸው)

ልጄ ዓረብ አገር ናት፣ ቋንጣ አማረኝ አለችኝ። እናቷ አርፋለች፣ አሠራሩን እሷ ነበረች የምታውቀው። እኔ መሥራት እችላለሁ ወይ?

መልስ

አባቴ እንዴት አይችሉም፣ እጅዎ ይባረክ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ከሥጋ ቤቱ የጭን ሥጋ ይጠይቁ፣ ስብ የሌለው። ስቡ አይደርቅም፣ በኋላ እሱ ነው የሚከረፋው፣ ስለዚህ ነጭ ነጯን ሁሉ በቢላ ያንሱ። ሥጋው ለአንድ ሰዓት ፍሪዘር ቢገባና ጠንከር ቢል አዘለዛዘሉ ይቀልዎታል። እንደ ቀበቶ ረጅም፣ ግን ስስ፣ ፀሐይ ላይ ቢይዙት ብርሃን ቀላ ብሎ እስኪታይ ድረስ ስስ። ወፍራም ከሆነ ላዩ ደርቆ ልቡ ጥሬ ይቀራል፣ የሚሸተው ያ ነው። ጨው፣ በርበሬ፣ ትንሽ ሚጥሚጣ በሰፊ ሳህን ላይ ያዋህዱና ሥጋውን ገላብጠው ያሹት፣ ጨው ላይ አይሰስቱ። ከዛ ንጹህ ገመድ ላይ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ይሰቅሉታል፣ ዙሪያውን ስስ ነጭ ጨርቅ ወይ የአጎበር መረብ ያድርጉበት ዝንብ እንዳይቀርበው። ዝናብ ከመግባቱ በፊት ነው ይሄ፣ ሰኔ ከገባ በኋላ ሐረር ላይ በገመድ ማድረቅ አይሞክሩ፣ እርጥበቱ ያሸንፎታል። የደረሰውን የሚያውቁት እንዲህ ነው፣ ሲያጥፉት እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ስንጥቅ ይላል፣ ጣትዎ ላይ ምንም እርጥበት አይተውም።

ጥሬውን መቀርጠም የለመደ ብዙ ነው፣ ግን ማድረቅ ብቻውን ጀርሙን ሁሉ አይገድልም፣ ልጅዎን በደንብ አብስላ እንድትበላው ይንገሯት፣ ቋንጣ ፍርፍርም ይሁን ወጥ። ከመላክዎ በፊት ደግሞ እሷ ያለችበት አገር የሥጋ ነገር በሻንጣ ያስገባ እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቅ፣ ብዙ አገር አይፈቅድም፣ ኤርፖርት ላይ ሲጣል ማየት ያሳዝናል። ካልተፈቀደ እርስዎ ሠርተው ያስቀምጡላት፣ ስትመጣ ትብላው፣ ደረቁ ቋንጣ ፍሪዘር ውስጥ ብዙ ወር ይቆያል።

ሶማሌ ጎረቤት ካለዎት ሙቅመድ ይጠይቁ፣ የደረቀውን ሥጋ ጣት በማይሞላ ትንንሽ ከትፈው በተነጠረ ቅቤ ጠብሰው እዛው ቅቤው ውስጥ የሚያስቀምጡት ነው። ሠርግ ላይ የቀመሰው ሰው ይነግርዎታል።

ከከዚራ፣ ድሬዳዋ

ባለቤቴ ሱቅ ሙሉ ሳልሳና ማርማላታ እያለ ለምን ትደክሚያለሽ ይለኛል። በሒሳብ ብናስበው እውነቱን ነው መሰለኝ። እርስዎ ለምንድነው የሚሠሩት?

መልስ

በሒሳብ እንኳን ቢሆን ቲማቲም በሚረክስበት ሳምንት የሠራሽው ሐምሌ ላይ ያተርፍሻል፣ የከሰል ወይ የመብራቱንም ቆጥሬ ነው የምልሽ። ግን የጠየቅሽኝ እሱን አይደለም መሰለኝ።

ይሄን ነገር የጀመረው ሰው ኒኮላ አፔር የሚባል ፈረንሳዊ ጣፋጭ ሠሪ ነበር፣ መንግሥት ለሠራዊቱ የማይበላሽ ምግብ ለሚያገኝ ሽልማት አዘጋጅቶ ነበርና በ1810 እ.ኤ.አ. 12,000 ፍራንክ ተሰጠው። ምግብን ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ያፈላ ነበር፣ ለምን እንደማይበላሽ ግን አያውቅም፣ ጀርም የሚባለውን ነገር ሳይንቲስቱ ሉዊ ፓስተር እስኪያስረዳ ሌላ 50 ዓመት ያህል ቆየ። እኔ ይሄን ሳስብ ያው የኛ እናቶች ይመጡብኛል፣ ቅቤ ሲነጠር ያ ነጭ አረፋ እስኪጠፋና የመንተክተኩ ድምፅ ጸጥ እስኪል የሚጠብቁት ውሃው ማለቁን በጆሮ እየሰሙ ነው፣ ውሃ የቀረበት ቅቤ እንደሚሻግት ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁት ነበር። ኮረሪማው፣ አብሹ፣ ኮሰረቱ ሲገባ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ማን ቤት ቅቤ እንደተነጠረ ያውቃል። ሱቅ ውስጥ ይሄ የለም የኔ እህት።

ደግሞ እጅ ይበዛል። ቲማቲም ቀን እኛ ቤት የፎቁም የግቢውም ሴቶች ይመጣሉ፣ አንዷ ትልጣለች፣ አንዷ ጠርሙስ ታጥባለች፣ ልጆቹ ሰዓት ይቆጥራሉ፣ ሙስሊሟ ጎረቤቴ የኛን ስትጨርስ የራሷን ድስት ትጥዳለች፣ እሷ ለረመዳን ሾርባዋ፣ እኔ ለፍልሰታዬ፣ ቲማቲሙ አንድ ነው። የወጣው ወጪ እኩል ይካፈላል፣ ጠርሙሱም እኩል ይካፈላል።

ባልሽን ደግሞ በወሬ አታሳምኚው። አምና ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መብራት ጠፋ፣ ገበያ አልወጣሁም፣ ቤት ውስጥ ሽሮ እንኳን አልነበረም፣ ልጆቹ ራባቸው። ሻማ ይዤ አልጋ ሥር ገባሁና ግንቦት የሚል የጻፍኩበትን ጠርሙስ አወጣሁ፣ ክዳኑ ሲከፈት ፍልቅ ሲል የቲማቲሙ ሽታ ቤቱን ሞላው፣ በሽንኩርትና በቃሪያ አርጌ ስልስ ሠራሁ፣ በዳቦ በላን፣ ባለቤቴ ጠርሙሱን በዳቦ ጠርጎ ጠርጎ ከጨረሰ በኋላ ስንት ቀረ አለኝ። ሰባት ነበር የቀረው። ዘንድሮ ራሱ ነው ቀፊራ ወርዶ ሳጥኑን የተሸከመው፣ እኔ አዲስ ክዳን ነው የገዛሁት።